ኢንዛይሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ቱቡሊኑን እዩት

ላቦራቶሪያችን አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ኢንዛይሙ ሞቷል መሰለኝ፣ ሌላ እንዘዝ?» ቆይ እስቲ እላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ቱቡሊኑ ከየት እንደመጣ ነው።

የማወራው ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራውን ስለምንፈትነው የሰው ኢንዛይም፣ ስለ አልፋ-ታት-1 ነው። ሴል ውስጥ ማይክሮቲዩብል የሚባሉ፣ ከቱቡሊን የተሠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ይህ ኢንዛይም የአልፋ-ቱቡሊንን 40ኛ አሚኖ አሲድ፣ ላይሲኗን፣ ፈልጎ አሴቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ቁራጭ ይለጥፍባታል። ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ላይሲኗ ያለችው በቱቦው የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። የተበታተነ ቱቡሊን ላይም ይሠራል፤ የተገጣጠመው ላይ ግን ይበልጥ ይፈጥናል።

የገዛችሁት ኢንዛይም ሲደርስ ደረቅ በረዶው አልቆ እንዳይሆን እዩ። ከዚያ ወረቀቱን አንብቡ። ሙሉው ፕሮቲን ነው ወይስ ሥራውን የሚሠራው ቁራጭ ብቻ? ታግ (ፕሮቲኑን ለማጣራት የሚቀጠልበት ተጨማሪ ቁራጭ) አለው? መጠኑስ ስንት ነው? ፕሮቲኖችን በመጠን የሚለየው ጄል ላይ ባንዱን (የፕሮቲኑን መስመር) የት እንደምትጠብቁ የሚነግራችሁ ይሄ ነው። በረዶ ላይ አቅልጡት፤ በቮርቴክስ አትናጡት። ክዳኑ ላይ የቀረው ጠብታ እንዲወርድ ሴንትሪፉጅ ላይ ለአፍታ አሽከርክሩት። ከዚያ አምስት አምስት ማይክሮሊትር አድርጋችሁ ከፋፍሉት፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዙት፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ከፋፍላችሁ ያስቀመጣችሁት አንዴ ከቀለጠ ወደ ፍሪዘር አይመለስም። የተረፈውን ጣሉት፤ አያሳዝናችሁ።

አሁን ወደ ቱቡሊኑ። በቀላሉ የሚገኘው ከአሳማ ወይም ከከብት አንጎል የሚወጣው ነው። ለብዙ ሥራ ግሩም ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። የነርቭ ሴል ማይክሮቲዩብል ገና ከመነሻው አሴቲል በብዛት ተለጥፎበታል። ኢንዛይሙ ምን ቦታ አግኝቶ ይሥራ? ዌስተርን ብሎቱን (አሴቲሉን በአንቲቦዲ የምናይበትን ምስል) ስታዩት መነሻው ላይም ጥቁር፣ መጨረሻው ላይም ጥቁር። ተማሪው «ሞቷል» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ከሂላ ሴል (ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚራባው የሰው ካንሰር ሴል) የወጣ ቱቡሊን ግዙ፤ እሱ ላይ አሴቲሉ በጣም ትንሽ ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን በአንጎል ቱቡሊን ወራት ከመልፋት ይሻላል።

ባፈሩ (ፒኤቹን የሚጠብቀው ፈሳሽ) 80 ሚሊሞላር ፓይፕስ፣ 1 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ 1 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ ነው፤ ፒኤቹ 6.8። የፓይፕስ ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲገባ ወተት መስሎ ይቀራል። አትደንግጡ፣ ውሃም አትጨምሩ። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ በጠብታ ጨምሩ፤ ፒኤቹ ወደ 6 አልፎ ሲወጣ ድንገት ጥርት ይላል።

ቱቡሊኑን ለመገጣጠም ከሚያስፈልገው ጂቲፒ ጋር 37 ዲግሪ ላይ ገጣጥሙት፣ ከዚያ እንዳይፈርስ ታክሶል ጨምሩ። ከዚህ በኋላ በረዶ ላይ እንዳታስቀምጡት! ፕሮቲን ሲባል እጃችን ወዲያው ወደ በረዶ ይሄዳል፤ ማይክሮቲዩብል ግን ብርድ ጠላቱ ነው። ኢንዛይሙ በረዶ ላይ፣ ማይክሮቲዩብሉ ከበረዶ ውጭ ይቀመጡ።

የሚለጠፈውን አሴቲል የሚሰጠውን አሴቲል-ኮኤ እኔ 100 ማይክሮሞላር አደርጋለሁ። ሌላው ትዕግሥት ነው። አልፋ-ታት-1 ዝግተኛ ነው፤ አንዱ ሞለኪውል በሰዓት የሚለጥፈው ጥቂት ቱቡሊን ላይ ብቻ ነው። በአምስት ደቂቃ ምንም አታዩም። በመነሻው፣ በግማሽ ሰዓት፣ በአንድ፣ በሁለትና በአራት ሰዓት ናሙና ውሰዱ፤ እያንዳንዱን ወዲያው የኢንዛይሙን ሥራ በሚያስቆመው ኤስዲኤስ ባፈር ውስጥ ጨምራችሁ 95 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ አቆዩት። ኢንዛይም የሌለውና አሴቲል-ኮኤ የሌለው ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) የግድ ነው። ያለ አሴቲል-ኮኤም ባንዱ እየጠቆረ ከሄደ አንድ ቦታ ብክለት አለ።

ዌስተርን ብሎቱ ላይ አሴቲሉን የሚያሳየው 6-11ቢ-1 የተባለው አንቲቦዲ ነው፤ ጠቅላላ አልፋ-ቱቡሊኑን ደግሞ ዲኤም1ኤ። ሁለቱም የአይጥ ስለሆኑ አንድ ሜምብሬን (ከጄሉ ፕሮቲኑ የሚተላለፍበት ስስ ወረቀት) ላይ አብራችሁ ብታደርጓቸው፣ የአይጥ አንቲቦዲን የሚይዘው የተለመደው ሁለተኛ አንቲቦዲ አይለያቸውም፤ ባንዱም ያው 50 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው። ያንኑ ናሙና ሁለት ጄል ላይ ጫኑት፣ ለየብቻ ብሎት አድርጉ።