የአርጀንቲና አገረ ገዥዎችን ሠንጠረዥ በአማርኛ ለማዘጋጀት

አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ የደቡብ አሜሪካን ታሪክ የሚያገላብጥ ሰው የአንድ የአርጀንቲና ግዛት ገዥዎች ዝርዝር ሲያገኝ ቀድሞ የሚያደርገው ስሞቹን ከላይ እስከ ታች መገልበጥ ነው። ሥራው የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሕዝብ የመረጠው፣ ፕሬዚዳንቱ የሾመው፣ በመፈንቅለ መንግሥት የመጣው መኮንንና ለአንድ ቀን ብቻ ወንበሩ ላይ የዋለው ሰው ተራ በተራ ተደርድረዋል። ብዙ ጊዜም ሁሉም «ጎበርናዶር» (ገዥ) ተብለው ነው የሚጠሩት። ጥሩ ሠንጠረዥ ማን መቼ እንደገዛ ብቻ ሳይሆን ሥልጣኑን ከማን እጅ እንደተቀበለ መናገር አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀቱን ማስመር

በእጅ የሚሠሩ ከሆነ ኤ3 ወረቀት ወደ ጎን አዙረው ስምንት ዓምድ ያስምሩ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም በአማርኛ፣ ስም በስፓኝ አጻጻፍ፣ የጀመረበት ቀን፣ ያበቃበት ቀን፣ ሁለቱ ቀኖች በእኛ አቆጣጠር፣ የሥልጣኑ ምንጭ፣ የወረደበት ምክንያት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ሰፊ ይሁኑ። በኤ4 ወረቀት ላይ እነሱ ይጠቡና ሰው ማሳጠር ይጀምራል፤ በሳምንቱ ያሳጠረውን ራሱም አያነበውም። በኮምፒዩተር ከሆነ የቀን ዓምዶቹን «ጽሑፍ» አድርገው ያስቀምጡ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከ1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አይቀበሉም፤ ከዚያ በኋላ በቀን ለመደርደር ሲሞከር መስመሮቹ ይዘበራረቃሉ።

ለአንድ ግዛት አንድ ወረቀት ይመድቡ። አርጀንቲና 23 ግዛቶች አሏት፤ 24ኛዋ የቦነስ አይረስ ራስ ገዝ ከተማ ናት። የከተማዋ መሪ ከ1996 ጀምሮ በሕዝብ የሚመረጥ ሲሆን መጠሪያው «የመንግሥት ኃላፊ» እንጂ ጎበርናዶር አይደለም። የቦነስ አይረስ ግዛት ሌላ ነው፤ ከተማዋ በ1880 ለፌዴራል መንግሥት ስትሰጥ ግዛቱ ያለ ዋና ከተማ ቀረና ገዥው ዳርዶ ሮቻ በ1882 ላ ፕላታን መሠረተ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት የሚያስገባ ሰው ከ1996 በኋላ በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ያገኛል።

በቦነስ አይረስ ግዛት አይጀምሩ፤ ከሁሉም የተወሳሰበው እሱ ነው። በቻኮ ይጀምሩ።

የሥልጣኑ ምንጭ

ለሰባተኛው ዓምድ ስድስት አጫጭር ቃላት ይበቃሉ፦ ንጉሥ፣ ጉባኤ፣ ሕዝብ፣ ፕሬዚዳንት፣ ጣልቃ፣ ጦር።

«ንጉሥ» ለስፔን ዘመን ነው። በ1776 የሪዮ ዴ ላ ፕላታ እንደራሴነት ተቋቋመ፣ በ1782 ደግሞ ኢንቴንዴንቴ በሚባሉ ሹማምንት ወደሚመሩ ግዛቶች ተከፋፈለ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ኢንቴንዴንቴ ያኔ የትልቅ ግዛት ገዥ ነበር፤ ዛሬ በአርጀንቲና ከንቲባ ማለት ነው። ቴኒየንቴ ጎበርናዶር የሚለውም ለአማርኛ ተርጓሚ «ምክትል ገዥ» ይመስለዋል፤ ግን ሰውዬው ከገዥው አጠገብ የሚቀመጥ ምክትል ሳይሆን በግዛቱ ሥር ባለች ሌላ ከተማ ተቀምጦ የሚያስተዳድር ሹም ነበር። እነዚህ ማዕረጎች ከ1810 አብዮት በኋላም ጥቂት ዓመታት ቆይተዋል። ሆሴ ዴ ሳን ማርቲን በ1814 የኩዮ ገዥ ሲሆን የተሾመው በአብዮቱ መንግሥት ነው፤ በማዕረጉ ተታሎ «ንጉሥ» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው።

«ጉባኤ» የሚለው በ1820 ይጀምራል። በፌብሩዋሪ 1 ቀን በሴፔዳ ጦርነት ማዕከላዊው መንግሥት ወደቀና ግዛቶቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቆሙ። ገዥውን የግዛቱ የተወካዮች ጉባኤ ይመርጠዋል፤ በወረቀት ላይ እንዲህ ነው፤ በተግባር ግን ካውዲዮ የሚባለው ፈረሰኛ ጦር ያለው የአካባቢ ኃያል ነበር የሚያስመርጠው። ኤስታኒስላኦ ሎፔስ ሳንታ ፌን ከ1818 እስከ 1838 ገዛ። ኹዋን ማኑኤል ዴ ሮሳስ ቦነስ አይረስን ከ1829 እስከ 1832፣ እንደገና ከ1835 እስከ 1852 ገዛ፤ በሁለተኛው ዘመኑ ጉባኤው ሥልጣንን ሁሉ ጠቅልሎ ሰጥቶታል። ይህ በስምንተኛው ሳይሆን በሰባተኛው ዓምድ መጻፍ አለበት፤ ከሌላው ገዥ የሚለየው እሱ ነውና። በአንጻሩ የላ ሪዮሃው ፋኩንዶ ኪሮጋ በአካባቢው ከማንም በላይ ኃያል ሆኖ ሳለ በገዥነት ወንበር ላይ የተቀመጠው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ኃያል ስለነበረ ብለው ዓመታት አይጨምሩለት፤ በወረቀቱ ግርጌ ማስታወሻ ይጻፉለት።

የ1820 ቦነስ አይረስ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ጁን 20 ቀን «የሦስቱ ገዥዎች ቀን» ይባላል፦ ራሞስ ሜሂያ፣ የከተማው ምክር ቤትና ሶለር የተባለው ጄኔራል በአንድ ቀን የገዥነት ጥያቄ ነበራቸው። የአገሪቱን ባንዲራ የፈጠረው ማኑኤል ቤልግራኖ ያረፈውም በዚሁ ቀን ነው። እዚህ ላይ «ትክክለኛውን» ለመምረጥ አይታገሉ። ሦስቱንም ተራ ቁጥር ሳይሰጡ በአንድ ቀን ሥር ያስገቡ።

ከ1853 ሕገ መንግሥት በኋላ ግዛቶች ገዥዎቻቸውን ያለ ፌዴራል መንግሥት ጣልቃ ገብነት ይመርጣሉ። ቀጥታ ምርጫ እስኪለመድ ድረስ ግን በብዙ ቦታ ድምፁን የሚሰጡት መራጭ ተወካዮች ነበሩ፤ ያንን ዘመን «ጉባኤ» ሥር ያቆዩት። «ሕዝብ» የሚባለው ድምፅ ሰጪው ገዥውን ራሱን ሲመርጥ ብቻ ነው።

«ፕሬዚዳንት» የሚለው ለብሔራዊ ተሪቶሪዎች፣ ማለትም ገና ግዛት ላልሆኑና ከማዕከል ለሚተዳደሩ አካባቢዎች ነው። በ1884 የወጣው ሕግ ቁጥር 1532 ቻኮን፣ ፎርሞሳን፣ ሚሲዮኔስን፣ ላ ፓምፓን፣ ኔውኬንን፣ ሪዮ ኔግሮን፣ ቹቡትን፣ ሳንታ ክሩስንና ቲዬራ ዴል ፉዌጎን በፕሬዚዳንቱ ተሿሚዎች ሥር አደረገ። ሹመቱ በሴኔት ስምምነት ለ3 ዓመት ነው። ሕጉ የሕዝቡ ቁጥር 60,000 ሲደርስ ግዛት መሆን ይቻላል ይል ነበር፤ ቻኮ ግን በ1947 ቆጠራ ከ400,000 በላይ ሰው ይዛም ገና ተሪቶሪ ነበረች። ለነዚህ ሰዎች «ሹም» የሚለው ቃል ከ«አገረ ገዥ» ይሻላል።

«ጣልቃ» የአርጀንቲናን ታሪክ ያለሱ ማንበብ የማይቻል ቃል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት ፌዴራሉ መንግሥት ገዥውን አንሥቶ ኢንተርቬንቶር የሚባል ሰው ይልካል። ቃሉን ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም። የእኛው አዋጅ ቁጥር 359/1995 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር) የፌዴራል መንግሥት በክልል ጣልቃ የሚገባበትን ሥርዓት የደነገገ በመሆኑ «የፌዴራል ጣልቃ ገብ አስተዳዳሪ» ብንል አንባቢው ወዲያው ይገባዋል። ጣልቃ ገብነቱ አንዳንዴ ገዥውን ብቻ፣ አንዳንዴ ምክር ቤቱንና ፍርድ ቤቱንም ይነካል፤ የትኛውን እንደነካ ይጻፉ።

«ጦር» ለመፈንቅለ መንግሥት ዘመናት ነው፦ 1930፣ 1943፣ 1955፣ 1962፣ 1966፣ 1976። ከሁሉ የሚያሳስተው የ1966ቱ ነው። ወታደሮቹ የላኳቸውን ሰዎች ጣልቃ ገብ ማለት ትተው «ጎበርናዶር» አሏቸው። ስለዚህ በ1966 እና በ1973 መካከል የሹመት ማዕረግ ብቻ አይቶ «ሕዝብ» ብሎ የሚሞላ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ያሳስታል።

ተመርጠው ያልተቀመጡም አሉ። በማርች 18 ቀን 1962 አንድሬስ ፍራሚኒ የቦነስ አይረስ ግዛትን ምርጫ አሸነፈ፤ ፕሬዚዳንት ፍሮንዲሲ ግን ጣልቃ ገብ ሹም ላከ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ራሱም በወታደሮች ወረደ። ፍራሚኒ ማስታወሻ እንጂ ተራ ቁጥር አይገባውም።

ከስፓኝ ሰነድ የሚወጡ ቅጽሎችም አሉ። «ኢንተሪኖ» ጊዜያዊ ነው። «ዴሌጋዶ» ገዥው ሲዘምት ወይም ሲርቅ ወንበሩን የሚጠብቅ ነው፤ የዋናው ገዥ ዘመን አይቋረጥም። «ፕሮፒየታሪዮ»ን የትርጉም ፕሮግራም «ባለንብረት» ሊለው ይችላል፤ እዚህ ግን የሙሉ ዘመን ገዥ ማለት ነው።

ቻኮን በምሳሌነት

ከ1884 እስከ 1951 «ፕሬዚዳንት»። በ1951 ግዛት ሆነች፤ ስሟም እስከ 1955 ድረስ ፕሬዚዳንቴ ፔሮን ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰነድ ውስጥ «ቻኮ» ብለው ሲፈልጉ ባዶ የሚወጣው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው የተመረጠ ገዥ ፌሊፔ ጋያርዶ ከ1953 እስከ 1955 መፈንቅለ መንግሥት ቆየ። ዴኦሊንዶ ቢቴል ሁለት ጊዜ ተመረጠ፣ በ1963 እና በ1973፤ ሁለቱንም ጊዜ ያወረደው ጦር ነው፣ በ1966 እና በ1976። ስምንተኛው ዓምድ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ነው፤ ያለሱ ቢቴል ዘመኑን ጨርሶ የወጣ ይመስላል።

ከ1983 በኋላ ተኔቭ፣ ባሮኒ፣ ታውጊናስ፣ አንኸል ሮሳስ ሁለት ዘመን፣ ኒኪሽ፣ ሆርሄ ካፒታኒች ሁለት ዘመን፣ ፔፖ፣ እንደገና ካፒታኒች፣ ከ2023 ጀምሮ ሴዴሮ። ድጋሚ የተመረጠ ሰው ለየዘመኑ የራሱ መስመር ይኑረው። ካፒታኒች በ2013 የፕሬዚዳንቷ የካቢኔ ኃላፊ ሆኖ ሲሄድ ፈቃድ ወሰደ እንጂ አልለቀቀም፤ ምክትሉ ባሲሌፍ ኢቫኖፍ እስከ 2015 ቦታውን ሸፈነ። የካፒታኒችን መስመር አይቁረጡ፤ ከሥሩ «ሀ» ብለው ምክትሉን ያስገቡ።

ቀን መለወጥ

ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት፣ ከጃኑዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይቀነሳል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ሌላ ነው። ከ1983 ጀምሮ የተለመደው የርክክብ ቀን ዲሴምበር 10 ነው፣ በየአራት ዓመቱ፦ 1983፣ 1987፣ 1991 እያለ እስከ 2023። እነዚህ ሁሉ ከፈረንጅ ሠግር ዓመት በፊት ያሉ ዓመታት ናቸው። ጳጉሜን 6 ስለሆነች እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 12 ይውላል፣ ዲሴምበር 10ም ኅዳር 30 ይሆናል። ታኅሣሥ 1 ብሎ የጻፈ በአንድ ቀን ተሳስቷል። ኮሪየንቴስ ግን ዙሯ የተለየ ነው፤ የ2017ና የ2021 ርክክቧ በእርግጥም ታኅሣሥ 1 ነው።

ለ19ኛው ክፍለ ዘመን የዛሬውን መለወጫ በቀጥታ አይጠቀሙ። ያኔ ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንሳል። የሦስቱ ገዥዎች ቀን፣ ጁን 20 ቀን 1820፣ በዛሬው ስሌት ሰኔ 13 ይመጣል፤ ትክክለኛው ሰኔ 14 ቀን 1812 ነው።

«ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.»ን በየመስመሩ ይጻፉ፤ አንድ ጊዜ ከላይ ማስቀመጥ አይበቃም። ወታደሮቹ ሥልጣን የያዙት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሥልጣን ያስረከቡት ደግሞ በ1976 ዓ.ም.። ምልክት የሌለው 1976 የግፉ ዘመን መጀመሪያም መጨረሻም ይሆናል።

ስሞች

እኛ በራስ ስም እንደረድራለን፤ እነሱ በቤተሰብ ስም። በራስ ስም ከደረደሩ «ኹዋን» ሥር ግማሹ ሠንጠረዥ ይከማቻል። ራሞስ ሜሂያ ሁለቱም የቤተሰብ ስም ነው፤ «ራ» ሥር ይግባ። «ኝ» ፊደል ስላለን የስፓኙ ባለ ሞገድ ፊደል አያስቸግረንም፤ የሚያስቸግረው «ዜድ» ነው። እዚያ እንደ «ስ» ስለሚነበብ የቻኮው ሮሳስና የቦነስ አይረሱ ሮሳስ በአማርኛ አንድ ሆነው ይቀራሉ፤ በስፓኝ አጻጻፍ ግን ይለያያሉ። ሦስተኛው ዓምድ የተጨመረው ለዚህ ነው።

ማጣራት

ለሹመት ቀን የመጨረሻው ዳኛ ቦሌቲን ኦፊሲያል ነው፤ የእነሱ ነጋሪት ጋዜጣ ማለት ነው፣ ግዛቶችም የየራሳቸው አላቸው። የተመረጠበትን፣ ቃለ መሐላ የፈጸመበትንና አዋጁ የወጣበትን ቀን አያቀላቅሉ፤ የሚፈለገው የመሐላው ነው። ለመዝገብ ቤት ስልክ መደወል ካስፈለገ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም፤ በመካከላችን ስድስት ሰዓት ስላለ የእኛ የእጅ ሰዓት የቦነስ አይረስን ሰዓት ያሳያል። አራት ኪሎ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት ዘጠኝ ነው።

በመጨረሻ አንዱ ከሠንጠረዡ ቀኖቹን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ከምንጩ ይከታተል። አንዱ ገዥ ባበቃበትና ቀጣዩ በጀመረበት መካከል ከአንድ ቀን በላይ ክፍተት ካለ ያልተጻፈ ጊዜያዊ ሹም አለ ማለት ነው። ከዚያ ይቁጠሩ፦ ለቻኮ ከ1983 እስከ 2023 ድረስ 11 ዘመን፣ 8 የተመረጡ ሰዎች፣ 1 የፈቃድ ተተኪ መውጣት አለበት። 12 ዘመን ከመጣ ባሲሌፍ ኢቫኖፍ ተራ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ 10 ከመጣ የአንኸል ሮሳስ ወይም የካፒታኒች ሁለት ዘመን በአንድ መስመር ተጠቃሏል።