አከራይ ቤቱን አልጠግን ሲል ተከራይ ምን ማድረግ ይችላል?

ባሕር ዳር ላይ የተከራዩት ቤት እውነተኛ መልኩ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። ኅዳር ላይ ሲታይ ደረቅ ነው፣ ቀለሙም አዲስ ነው። ሐምሌ ላይ ግን ጣሪያው በሚስማሩ ቀዳዳ ያንጠባጥባል፣ ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። ወደ ጣና በተጠጉት ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ የሽንት ቤት ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። አከራይ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ዝናቡ ይውጣና እናያለን»። መስከረም ሲጠባ ፍሳሹ ይደርቃል፣ ነገሩም ተረስቶ እስከ ሚቀጥለው ሰኔ ይቆያል።

ከተማው ውስጥ ብዙ ቤት ቀያይሬ ኖሬያለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ተከራይ የሚሸነፈው መብት ስለሌለው ሳይሆን መጠየቁን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለው ነው።

1. ጥገናው የማን እንደሆነ ለዩ

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ ይናገራል። በአጭሩ፣ ቤቱን ለኑሮ በሚሆን ሁኔታ ማቆየት የአከራዩ ግዴታ ነው። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ የሞላ ጉድጓድ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ የእሱ ናቸው። እናንተ የሰበራችሁት መስታወትና በአያያዝ የተበላሸ ቧንቧ የእናንተ ነው። ግን መጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ። አንዳንድ ደላላ የሚያዘጋጀው ውል ላይ «ማናቸውንም ጥገና ተከራይ ይሸፍናል» የሚል መስመር ይገባል፤ ከመፈረማችሁ በፊት አሰርዙት።

መብራቱ የተበላሸው ከቆጣሪው በፊት ከሆነ አከራዩን አትጨቅጭቁ፣ ወደ መብራት ኃይል 905 ደውሉ። ከቆጣሪው ወዲህ ከሆነና ሶኬቱ የሚሞቅ ወይም የሚተኩስ ከሆነ ብሬከሩን አጥፉና በዚያው ቀን አሳውቁ። ይሄ የሚያድር ነገር አይደለም።

2. ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። ውሃው ሲወርድ፣ ዝናቡ እየዘነበ።

3. በአካል ሄዳችሁ ንገሩ፣ ከዚያ ጻፉ

ሳይነጋገሩ ደብዳቤ መስጠት ነገር ያከራል። አንድ ግቢ እየኖራችሁ፣ ቡና እየተጠራራችሁ በድንገት ወረቀት ብትዘረጉ አከራይዋ እትዬ ቅር ይላቸዋል፣ ልክም ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ግቡና ጣሪያውን ይዩት በሉ። ሰው በዓይኑ ሲያይ ልቡ ይራራል።

ከዚያ ግን በቃል የተባለውን በዚያው ቀን በጽሑፍ አስፍሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያፍረው። በአክብሮት የተጻፈ መልእክት ማንንም አያስቀይምም። በቴሌግራም ወይም በቴክስት እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ እንደተነጋገርነው የመኝታ ቤቱ ጣሪያ በሁለት ቦታ ያፈሳል። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ ሠራተኛ እልካለሁ ስላሉኝ አመሰግናለሁ።»

ቀኑን የግድ ጻፉ። «ቶሎ» የሚባል ነገር ቀን አይደለም።

ቀኑ ካለፈ መደበኛ ደብዳቤ ይከተላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ሌላውን ወገን ውል አልፈጸመም ለማለት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል ይላል። አንቀጽ 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ላይ ተገቢ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ እንደሚቻል ይገልጻል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ችግሩ፣ መጀመሪያ የነገራችሁበት ቀንና እንዲጠገን የጠየቃችሁበት የመጨረሻ ቀን ይኑር። ስድብና ዛቻ አይኑር፤ ነገ ዳኛ ሊያነበው ይችላል። ሁለት ቅጂ አድርጉትና በእናንተ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙ ጠይቁ። አልፈርምም ካሉ ሁለት ሰው ባለበት ስጡና የሁለቱን ስም ከነቀኑ ቅጂያችሁ ላይ አስፍሩ።

ዝም ማለት የባሰ ዋጋ አለው። ሳትናገሩ ኮርኒሱ ቢወድቅ «ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ» መባሉ አይቀርም።

4. ራሳችሁ አሠርታችሁ ከኪራይ ለማስቀነስ ካሰባችሁ

ይሄ በጣም የተለመደ መንገድ ነው፣ በደንብ ከተሠራም ከሁሉም የተሻለ ነው። ግን የሚያጣላውም እሱ ነው። የማውቀው አንድ ተከራይ ክረምት መሀል ላይ ቸግሮት ቆርቆሮ ገዝቶ አስመታ። ወር ሲደርስ ሒሳቡን ቀንሶ ከፈለ። አከራዩ «ማን አዘዘህ?» አሉት። ስምምነት የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ ገንዘቡ ቀረበት፣ ቤቱንም ልቀቅ ተባለ።

እቃ ሳትገዙ ተስማሙ። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ብር፣ ከየትኛው ወር ኪራይ እንደሚቀነስ በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ቴክስት ላይ «እሺ» ካሉም ይበቃል። የቆርቆሮውን ጌጅ ሳይቀር ጻፉ። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ 32 አስበው የፈቀዱ ሰው 28 ሒሳብ ሲመጣባቸው ይደነግጣሉ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ ተዉት። ካትራሜ ቀብቶ ለማለፍ ደግሞ ባትደክሙ ይሻላል፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር ማስቀየር ብቻውን ብዙ ፍሳሽ ያቆማል።

ኪራይ ጨርሶ አለመክፈልን ግን አልመክርም። የተበደለው ሰው ባለዕዳ ይሆናል፣ አከራዩም የሚያስወጣበት ምክንያት ያገኛል። በቴሌብር ወይም በባንክ በሰዓቱ ክፈሉ፣ መዝገቡ ይቀራል።

5. እምቢ ካሉ

መጀመሪያ ሽማግሌ። ሁለታችሁንም የሚያውቅ ጎረቤት ወይም የዕድር ሰው ካለ፣ ብዙው ነገር እዚያ ያልቃል። የተስማማችሁትን ግን አሁንም አጽፉ፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ።

ካልሆነ ወደ ቀበሌው ወይም ክፍለ ከተማው ሂዱ። የቀበሌ ቤት የተከራያችሁ ደግሞ አከራያችሁ መንግሥት ነውና ማመልከቻው በቀጥታ እዚያ ይገባል፤ ያለፈቃድ ግድግዳ አትንኩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች ላይ የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ፣ እግረ መንገዳችሁን የውል ምዝገባ መኖሩን ጠይቁ።

የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1777 መሠረት ጥገናውን በአከራዩ ወጪ እንድታሠሩ እንዲፈቀድላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ፎቶዎቹን፣ መልእክቶቹን፣ ደብዳቤውንና ውሉን በቀን ቅደም ተከተል አዘጋጅታችሁ ሂዱ።

ለመልቀቅ ከወሰናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ቤቱን ክፍል በክፍል ቪዲዮ አንሱ፣ ቁልፉንም አስፈርማችሁ አስረክቡ። ቅድሚያ ክፍያ ካላችሁ እዚያው ተሳሰቡ። ቀጣዩን ቤት ስታዩ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካለ፣ ውሉ ሳይፈረም ይጠገን በሉ።