ለቤተሰብ ፎቶ ልብስ የመረጥንበት መላ

ሁላችንም ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሰን፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት መነሣት አልሆነም። አስቀድመን በሞባይል ስንሞክረው ካሜራው ብርሃኑን ለነጩ መጥኖ ፊታችንን አጨለመው፤ ልብሱም ከግድግዳው ጋር ተመሳሰለ። ሳሎን የሚሰቀል፣ ልጆቼ አድገው የሚያዩት ፎቶ ነውና እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም።

መላው የተገኘው ከእናቴ ቀሚስ ጥለት ላይ ነው። ጥለቱ ጥቁር አረንጓዴና ወይን ጠጅ አለበት። ነጩን ለእርሷ ብቻ ተውንላት። ባለቤቴ አረንጓዴ ሸሚዝ፣ እኔ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለበስን። ለትንሿ ልጄ መኪና ግርግር ወደሚባለው የጀጎል የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሄደን ጨርቅ መረጥን፤ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ከጥለቱ ጎን አድርጎ በፀሐይ አየውና «ይህ በጣም ይደምቃል፣ እማማን ይጋርዳቸዋል» ብሎ ደብዘዝ ያለውን አወጣልን። እጁ ይባረክ!

ቦታውንም ወደ ሰማያዊ ግድግዳ ቀየርን፤ ሰዓቱን ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ አደረግነው፤ በቀትር ፀሐይ የግድግዳው ቀለም ፊት ላይ ያንጸባርቃልና። ወንድሜን ግን ቀጫጭን መስመር ያለውን ሸሚዝ እንዲተው አጥብቄ ለመንኩት፤ በካሜራ ሲታይ መስመሩ ይርገበገባል። እሺ ብሎ ግራጫውን ለበሰ።