ልጄ ስለ እምነት እንድታወራ ያደረገው

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ስለ እምነት ባነሳሁ ቁጥር መልሷ «እሺ» ወይም «እኔንጃ» ሆነ። ከራት በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘን ተቀመጥን፤ ማዛጋት ብቻ። በቴሌግራም ስብከት ላክሁላት፤ አልከፈተችውም። የነፍስ አባታችን ሲመጡ መስቀል ተሳልማ ጓዳ ገባች።

የሠራው ሌላ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ሲል በረንዳ ላይ ሽንኩርት እንልጣለን። ጎን ለጎን፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ። (እንባ ከመጣም በሽንኩርቱ ይሳበባል።) እኔ ምንም አልጠይቅም። ለሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ለንግሥ ልንሄድ ስንዘጋጅ ራሷ ጀመረች፦ «ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከእሳት ካወጣ፣ የጓደኛዬን እናት ለምን አላዳነም?»

ቶሎ አልመለስኩላትም። እጃችንን ታጥበን ዳንኤል 3፥17-18ን አብረን አነበብን። ልጆቹ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ንጉሡ ላቆመው ምስል አንሰግድም ነው ያሉት። «እንደሚድኑ አያውቁም ነበር ማለት ነው?» አለች። ከዚያ ወሬው እስኪመሽ ቀጠለ።

እኔ መመለስ ያልቻልኩትን ጥያቄ ደብተር ላይ ጻፈች፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሷ ለነፍስ አባታችን አቀረበች። «አላውቅም፣ እንጠይቅ» ማለት ልጅ አያሸሽም።

ለሚሞክር፦ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቅር። ታናሽ ወንድም ካለም ወደ ጎረቤት ይላክ፤ እሱ ባለበት አንዲት ቃል አትወጣትም።