ጎጆ የሚሠሩ ወፎችን እያዩ መንፈሳዊ ትምህርት መፈለግ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የወፍ ጎጆ ለማየት ከከተማ መውጣት አያስፈልግም፤ በቤት ክዳን ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ባሉ ጥዶች፣ በመስጊድ ግቢ ዛፎች ወይም በቦርከና ወንዝ ዳር ይገኛል። አስቸጋሪው ትምህርቱን አስቀድሞ ይዞ አለመሄድ ነው። ብዙ ሰው ወፏን የሚያያት ቀድሞ የሚያውቀውን ስብከት እንድታጸናለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ ወፏ ባትኖርም ስብከቱ አይጎድልበትም።

ስለዚህ አንድ ጎጆ ብቻ ይምረጡና እስከ ፍጻሜው ይከታተሉ። ለጀማሪ የሚመቸው ጎጆውን በሣር የሚጠልፈው ቢጫ ወፍ ነው። ሣሩ እርጥብ ካልሆነ ስለማይተጣጠፍ፣ ጫጩቶቹም ነፍሳት ስለሚመገቡ፣ ሥራው በአብዛኛው ዝናብን ይከተላል። የሚጠልፈው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መጥታ ትመረምራለች፣ ካልወደደችውም ትታው ትሄዳለች። ከዚህ ወገን በሆኑ አንዳንድ ወፎች ዘንድ ወንዱ ያልተወደደለትን ጎጆ አፍርሶ በዚያው ቦታ እንደገና ይጀምራል። ይህን ያየ ሰው፣ ተቀባይ ያጣ ሥራውን በምን ዓይነት ልብ እንደተወው ራሱን ይጠይቅ።

እኔ ግን ርግብን አስበልጣለሁ። ጎጆዋ ጥቂት ጭራሮ እንደ ነገሩ የተደረደረበት ነው፤ ሆኖም ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሆኑትን እንቁላሎች ለሁለት ሳምንት ከግማሽ ያህል ይታቀፋሉ፣ ጫጩቶቹንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱም ከጉሮሯቸው በሚያመነጩት ወተት መሰል ምግብ ያሳድጋሉ። ቤት ሳይሟላ ልጅ አይወለድም ለሚል ሰው ይህ ብዙ የሚያነጋግር ነው።

ለመመልከት የሚሻለው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ከሱብሂ ሶላት ወይም ከኪዳን ጸሎት መልስ ማድረግ ይቻላል። የደሴ ጉም በክረምት ዓይን ስለሚከለክል፣ እዚያ ያለ ሰው እስኪገፈፍ ይታገሥ። ርቀቱን የምትወስነው ወፏ ናት፦ ምግብ በአፏ ይዛ ወደ ጎጆው ሳትገባ ከቆየች ወይም እየጮኸች ከዞረች፣ ወደ ኋላ መራቅ ይገባል። ቅርንጫፍ መቁረጥና እንቁላል መንካት ፈጽሞ አይገባም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር መውሰድን ይከለክላል፤ በሐዲስም ነቢዩ ሙሐመድ ጫጩቶቿ የተወሰዱባትን ወፍ አይተው እንዲመለሱላት ማዘዛቸው ተዘግቧል።

ያዩትን በማስታወሻ ደብተር ይጻፉ፣ ያሰቡትን ግን እስከ ማታ ያቆዩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወላጆቹ ስንት ጊዜ ምግብ ይዘው እንደመጡ የቆጠረ ሰው፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ሰማይ ወፎች የተነገረውን የስንፍና ፈቃድ አድርጎ ሊያነበው አይችልም። ወፎች በጠዋት ተርበው ወጥተው ማታ ጠግበው እንደሚመለሱ የሚናገረው የተወኩል (በአላህ የመመካት) ሐዲስም መውጣቱን አይተውም፤ ሲሳይ ከአላህ ቢሆንም ወፏ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ አልጠበቀችም።

አንድ ቀን ቁራ እንቁላሉን ሊወስድ፣ ወይም ዶፍ ጎጆውን ሊጥለው ይችላል። ያን ጊዜ ለማጽናኛ ቃል አይቸኩሉ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ድንቢጥ ያለ አባታችሁ ፈቃድ በምድር ላይ አትወድቅም ይላል እንጂ ከቶ አትወድቅም አይልም። የሆነውን ብቻ ጽፈው በማግስቱ ይመለሱ፤ ወላጆቹ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ጀምረው ወይም አካባቢውን ለቀው ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም በደብተሩ መስፈር አለባቸው። ጫጩቶቹ በሰላም ከበረሩ ደግሞ ባዶውን ጎጆ ለቤት ጌጥ ብለው አያውርዱት፤ በተለይ ርግቦች ወደዚያው ጎጆ ተመልሰው እንደገና ይጥሉበታል።