የወፍጮ ቤቱን ጩኸት በስልክ መለካት
ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ ወፍጮ ቤት ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ጫኑ፤ በነፃ የሚገኝ አለ። ሠራተኛው በሚቆምበት ቦታ፣ በጆሮው ከፍታ ይዛችሁ ለኩ። ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት ብቻ። የስልክ ልኬት የባለሙያ መሣሪያን አይተካም፤ ግን «ለምደነዋል» የሚለውን ክርክር ይዘጋል። (እኔም ለምጄው ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ ካልጠሩኝ አልሰማም።) ቁጥሩን ከቀኑና ከማሽኑ ስም ጋር በሠራተኞች የቴሌግራም ቡድን ላይ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ወር ከፍ ብሎ ካገኛችሁት፣ የጆሮ መሸፈኛው እንዳለ ሆኖ፣ የላላ ብሎን ወይም ያረጀ ኩሽኔታ ፈልጉ።