ዲስኩ ሞልቶ የቆመ የሊኑክስ ሰርቨር እንዴት እንደሚነሳ

ምልክቱ ግራ ያጋባል። ድረ ገጹ ይከፈታል፤ ግን ማንም ሎግኢን ማድረግ አይችልም። ፎቶ ልጫን ያለ ሰው መሃል ላይ ይቀራል። ዳታቤዙ አልሞተም፤ ግን አዲስ ነገር ሲጻፍበት ዝም ይላል። በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ በትእዛዝ ማስተዳደሪያ) ትገባላችሁ፣ ትእዛዝ ለማስጨረስ ታብ ትጫናላችሁ፣ ባሽ (ትእዛዝ የሚቀበላችሁ ሼል) ደግሞ ጊዜያዊ ፋይል መፍጠር አቃተኝ ብሎ ይጮሃል። ይቺን የመጨረሻዋን ካያችሁ ሌላ ቦታ አትልፉ። ዲስኩ ሞልቷል።

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ይሄ አንድ ቀን ይደርስበታል። ብዙዎች ግን ከችግሩ ይልቅ በመፍትሔው ይጎዳሉ። ደንግጠው ያገኙትን ትልቅ ፋይል ያጠፋሉ። ቦታው አይለቀቅም። ሌላ ያጠፋሉ። መጨረሻ ላይ የጠፋው ዳታቤዙ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ማየት ነው። ማጥፋቱ የደቂቃ ሥራ ነው።

ትእዛዞቹን ስንጠራቸው እንደምንለው በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናሉ ላይ በላቲን፣ በትንንሹ ፊደል ነው የሚገቡት። ትልቅ ፊደል ሲያስፈልግ እናገራለሁ። ምሳሌዎቹ ኡቡንቱና ዴቢያንን አስቤ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

ሪቡት ላድርገው የሚል ሐሳብ ይመጣል። አታድርጉት። አንዳንዴ እውነትም ቦታ ያስለቅቃል፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እናየዋለን። ግን በሞላ ዲስክ ላይ የወደቀ ዳታቤዝ ተመልሶ ላይነሳ ይችላል። ማን እንደሞላው የሚያሳየውም ምልክት አብሮ ይጠፋል።

በስልክ ዳታ ወይም በሚቆራረጥ ዋይፋይ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን የሚያስቀጥሉት ቲመክስ ወይም ስክሪን ውስጥ ግቡ። መሃል ላይ የተቆረጠ ትእዛዝ ሌላ ጣጣ ነው።

ዲኤፍን በሁለት መንገድ

መጀመሪያ ዲኤፍ -ኤች ብላችሁ 100 በመቶ የደረሰው የትኛው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) እንደሆነ እዩ። ቀጥላችሁ ዲኤፍ -አይ በሉ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይዘለዋል። የመጀመሪያው ስንት ጊጋባይት እንደቀረ ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው ስንት አይኖድ (የፋይል መመዝገቢያ ቦታ) እንደቀረ። እያንዳንዱ ፋይል፣ ባዶም ቢሆን፣ አንድ አይኖድ ይይዛል። አይኖድ ካለቀ 40 ጊጋ ነጻ ቦታ እያለም ሰርቨሩ ቦታ የለም ነው የሚለው። ከሁለቱ የትኛው እንዳለቀ ካላወቃችሁ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ መደናበር ነው።

የዲኤፍ ሂሳብ አልደመር ቢላችሁ ደግሞ አትገረሙ። ኤክስት4 (የፋይል ሲስተም ዓይነት ነው) ሲፈጠር፣ ካልተነገረው በቀር፣ 5 በመቶውን ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ብቻ ያስቀራል። 500 ጊጋ ላይ 25 ጊጋ ማለት ነው። ፕሮግራሞቹ ቆመው እናንተ በሩት ገብታችሁ ፋይል መፍጠር የምትችሉት ለዚህ ነው። የሞላው ዳታ ብቻ የተቀመጠበት ዲስክ ከሆነ ቱን2ኤፍኤስ -ኤም 1 ብላችሁ የፓርቲሽኑን ስም ብትሰጡት ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ምንም ሳይጠፋ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ግን ባትነኩት ይሻላል።

ትልቁን ማግኘት

ዲዩ -ኤክስኤችዲ1 / ብላችሁ ውጤቱን በፓይፕ (|) ወደ ሶርት -ኤች ላኩት። ትልቁ ፎልደር ከታች፣ ከጠቅላላ ድምሩ በላይ ይወጣል። እሱ ውስጥ ገብታችሁ እንደገና። ኤክሷን አትርሷት፤ ሌላ ዲስክ ውስጥ ገብቶ እንዳይቆጥር የምታደርገው እሷ ናት። ኤንሲዲዩ የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል። ግን የሞላ ዲስክ ላይ አዲስ ፕሮግራም መጫን አይቻልም፤ ዛሬውኑ ጫኑትና ይቀመጥ።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ኤፒቲ (የኡቡንቱና የዴቢያን ፕሮግራም ጫኚ) ያወረዳቸው ፓኬጆች ከሆኑ ኤፒቲ ክሊን ይበቃል። የሲስተምዲ ጆርናል (የሲስተሙ የክንውን መዝገብ፣ ሎግ) ከሆነ ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=500ኤም በሉት፤ ኤሟ ትልቅ ፊደል ናት። ጆርናሉ ራሱን በዲስኩ 10 በመቶ ይገድባል፣ ቢበዛ 4 ጊጋ። ትንሽ ሰርቨር ላይ ግን እሱም ብዙ ነው።

ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለየብቻ ሳጥን የሚያስኬድ) ካላችሁ በቀጥታ /ቫር/ሊብ/ዶከር/ኮንቴይነርስ ውስጥ እዩ። ዶከር ሲጫን የኮንቴይነሮቹን ሎግ በጄሰን ፋይል ነው የሚጽፈው፣ መጠኑንም አይገድብም። አንድ ቀን ሙሉ ስህተት የሚደጋግም ኮንቴይነር ብቻውን ዲስክ ይጨርሳል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚመክሩትን ዶከር ሲስተም ፕሩን የሚለውን ትእዛዝ እኔ አልወደውም። የቆሙትን ኮንቴይነሮች ሁሉ ያጠፋል። --ቮሊዩምስ ከጨመራችሁበት ደግሞ ማንም ያልያዘውን ስም የለሽ ቮሊዩም (የኮንቴይነር ዳታ ማስቀመጫ) ይወስዳል፣ አሮጌ ዶከር ከሆነ ስም ያለውንም፤ ለጊዜው ያቆማችሁት ዳታቤዝ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ፋይሉ ጠፍቶ ቦታው ሳይለቀቅ ሲቀር

ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

30 ጊጋ የሆነ ሎግ አገኛችሁ እንበል። አርኤም ብላችሁ አጠፋችሁት። ፎልደሩ ውስጥ የለም። ዲኤፍ -ኤች አላችሁ፤ አሁንም 100 በመቶ። ዲዩ ሲደምር 20 ጊጋ ይላል፣ ዲኤፍ ደግሞ 50 ጊጋ። አንዱ የዋሸ ይመስላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አርኤም የሚያጠፋው የፋይሉን ስም ነው። ይዘቱ የሚለቀቀው ስሙም ጠፍቶ፣ ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮሰስም ሲያልቅ ነው። ሎግ ጸሐፊው ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘ ነው። ስሙ መጥፋቱ አይገደውም፤ መጻፉን ይቀጥላል። ዲዩ የሚቆጥረው ስም ያላቸውን ፋይሎች ስለሆነ አያየውም። ዲኤፍ የፋይል ሲስተሙን ራሱን ስለሚጠይቅ ያየዋል። ሪቡት አንዳንዴ የሚሠራውም በዚህ ነው፤ ፕሮሰሶቹ ሁሉ ሲሞቱ የያዙትን ይለቃሉ።

እንዲህ ሲሆን ሱዱ ኤልሶፍ +ኤል1 በሉ፤ ሱዱ ትእዛዙን በሩት ፈቃድ ያስኬዳል፣ ኤሉ ትልቅ ፊደል ነው። ስማቸው ጠፍቶ አሁንም የተከፈቱትን ፋይሎች ይዘረዝራል። ከስሙ ጎን በቅንፍ ዴሊትድ የሚል ታያላችሁ። ሦስት ነገር አንብቡ፦ የፕሮሰሱን ቁጥር፣ ኤፍዲ የሚለው ዓምድ ሥር ያለውን ቁጥር፣ መጠኑን። መጠኑ ትልቅ የሆነውን ያዙ።

ከዚያ ምርጫው የእናንተ ነው። ፕሮግራሙ ቢቆም የማይጎዳ ከሆነ ሪስታርት አድርጉት፤ አለቀ። ኢንጂንኤክስ (የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም) ከሆነ ሪስታርትም አያስፈልግ፤ ኢንጂንኤክስ -ኤስ ሪኦፕን ስትሉት የሎግ ፋይሎቹን ዘግቶ እንደገና ይከፍታል። መቆም የሌለበት ፕሮግራም ከሆነ ግን ፋይሉን በእጁ እንዳለ ባዶ ማድረግ ይቻላል። የፕሮሰሱ ቁጥር 1234፣ የኤፍዲው ቁጥር 7 ቢሆን፣ ሱዱ ትራንኬት -ኤስ 0 /ፕሮክ/1234/ኤፍዲ/7 ትላላችሁ። ወዲያው ዲኤፍ -ኤች በሉ፤ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ብቻ ያ ፋይል ሎግ መሆኑን በስሙ ሳታረጋግጡ እንዳትሞክሩት። ዳታቤዞችም ጊዜያዊ ፋይሎቻቸውን በዚሁ መልክ ይይዛሉ።

ገና ካላጠፋችሁት ደግሞ ከነጭራሹ አርኤም አትበሉ። ትራንኬት -ኤስ 0 ብላችሁ የሎጉን ስም ስጡት። ስሙ ይኖራል፣ ይዘቱ ይለቀቃል፣ ፕሮግራሙም ሥራውን ይቀጥላል። ከሱዱ ጋር የ“ይበልጣል” ምልክትን (>) ተጠቅሞ ባዶ ማድረግ አይሠራም፤ ምልክቷን የሚያስፈጽመው የእናንተ ሼል ስለሆነ ፈቃድ የለህም ይላችኋል።

ባዶ ካደረጋችሁት በኋላ ኤልኤስ -ኤል አሁንም 30 ጊጋ ቢል አትደንግጡ። አንዳንድ ፕሮግራም ካቆመበት ቦታ ላይ ነው መጻፍ የሚቀጥለው፤ ከፊቱ ያለው ባዶ ነው፣ ዲስክ አይበላም። እውነቱን ዲዩ ይነግራችኋል።

ያለቀው አይኖድ ከሆነ

ኤክስት4 ላይ የአይኖድ ብዛት ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ይወሰናል፤ በኋላ ብቻውን አይጨመርም። ልማዱ ለ16 ኪሎባይት አንድ ነው፤ 100 ጊጋ ላይ 6.5 ሚሊዮን ገደማ። ብዙ ይመስላል። የድረ ገጽ ሴሽን ፋይሎች (የገባውን ተጠቃሚ የሚያስታውሱ)፣ ካሽ (ለፍጥነት የተቀመጡ ቅጂዎች)፣ ያልተላከ ሜይል በጸጥታ ይጨርሱታል። በተለይ ፒኤችፒ ላይ ዴቢያንና ኡቡንቱ የፒኤችፒን የራሱን ጽዳት ዘግተው ሥራውን በየተወሰነ ሰዓት ለሚነሳ ሌላ ጠባቂ ይሰጣሉ። አፕሊኬሽናችሁ ሴሽኑን በራሱ ፎልደር ካስቀመጠ ጠባቂው ያንን አያውቀውም። ማንም አያጸዳውም።

ዲዩ --አይኖድስ -ኤክስዲ1 / የፋይል ብዛቱን በየፎልደሩ ያሳያል። ፎልደሩን ካገኛችሁ አርኤም ኮከብ (*) አይሠራም፤ ዝርዝሩ በጣም ረዘመ ይላል። ፋይንድ ተጠቀሙ። 3 ቀንና ከዚያ በላይ የቆዩትን ለማጥፋት የፎልደሩ ስም፣ ቀጥሎ -ታይፕ ኤፍ፣ ቀጥሎ -ኤምታይም +2፣ መጨረሻ ላይ -ዴሊት። መጨረሻ ላይ ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ፋይንድ ቅደም ተከተሉን ይከተላል፤ ዴሊትን ከፊት ካመጣችኋት ዕድሜ ሳትጠይቅ ሁሉንም ትጠርጋለች። መጀመሪያ ያለ ዴሊት አስኪዱት፣ የሚወጣውን ዝርዝር እዩ፣ ከዚያ ጨምሯት።

እጅ የማይነካቸው

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ፒጂ_ዋል የሚባል ፎልደር አለ። ድሮ ፒጂ_ኤክስሎግ ነበር ስሙ። ሎግ የምትለዋን አይተው ተራ ሎግ መስሏቸው የሚያጠፉ ሰዎች ስለበዙ በ2017 በወጣው 10ኛው እትም ስሙ ተቀየረ። እዚያ ያለው ገና ወደ ዋናው ፋይል ያልገባ ዳታ ነው። ካበጠ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የተቋረጠ ሪፕሊኬሽን (ዳታውን ወደ ሌላ ሰርቨር መቅዳት) ወይም የማይሳካ አርካይቭ ነው። በእጅ ግን አይጠፋም።

ማይኤስኪውኤልም ባይነሪ ሎግ (የዳታ ለውጦች መዝገብ) አለው። 8.0 ላይ ካልነካችሁት የ30 ቀን ያስቀምጣል። እሱንም በአርኤም ሳይሆን ዳታቤዙ ውስጥ ገብታችሁ ፐርጅ ባይነሪ ሎግስ በሚለው ትእዛዝ ነው የምታጸዱት። ሪፕሊካ (ቅጂውን የሚይዝ ሌላ ሰርቨር) ካለ እስከየት እንዳነበበ ቀድማችሁ እዩ። ደስ የሚለው፣ ማይኤስኪውኤል ዲስክ ሲሞላ ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ በየደቂቃው ቦታ ተገኘ ወይ እያለ ይጠብቃል። ቦታ ስትሰጡት ከቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ተሰቅሏል ብላችሁ በጉልበት አትግደሉት።

ከሁሉም በኋላ ሂሳቡ ካልገጠመ

ኤልሶፍም ምንም አላሳየም፣ ዲዩና ዲኤፍ ግን አልተስማሙ። አሁን የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው።

የባክአፕ ዲስክ /ባክአፕ ፎልደር ላይ ማውንት ይደረጋል (ይያያዛል) እንበል። አንድ ቀን ሰርቨሩ ሪቡት ሆነ፤ ዲስኩ ሳይያያዝ ቀረ። የሌሊቱ ስክሪፕት ግን ባዶውን ፎልደር አገኘና ባክአፑን ዋናው ዲስክ ላይ ጻፈ። ጠዋት ሰው መጥቶ ዲስኩን አያያዘ። ሌሊት የተጻፈው ሥሩ ተደብቆ ቀረ። ዲዩ አያየውም፤ ቦታው ግን ተይዟል።

ለማየት ባዶ ፎልደር ፍጠሩ፣ ለምሳሌ /ኤምኤንቲ/ሩት። ከዚያ ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ/ሩት በሉ። እዚያ ውስጥ የሚታየው ዋናው ዲስክ ብቻ ነው፤ የተደበቀውን አጥፍታችሁ በዩማውንት ትዘጋላችሁ። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ማውንትፖይንት -ኪው /ባክአፕ የምትል መስመር ጨምሩና ዲስኩ ከሌለ እንዲያቆም አድርጉ።

እንዳይደገም

ተጨማሪ ዲስክ መግዛት ይቻላል። ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ከሆነ ግን የዶላር ካርድ ይጠይቃል፤ ሎግ የሚሞላውን ዲስክ ማሳደግ ደግሞ ቀኑን መግፋት ነው።

የሎግ ፋይሎችን እየቀያየረ ያረጁትን በሚያጠፋው ሎግሮቴት ላይ ማክስሳይዝ 200ኤም (ኤሟ ትልቅ ፊደል ናት) ብሎ ጽፎ የሚተኛ ሰው አለ። ሎግሮቴት ራሱ ግን የሚነሳው በቀን አንዴ ነው። ሎጉ በ3 ሰዓት ውስጥ ዲስኩን ከሞላ ማንም አይደርስለትም። በጣም ለሚጽፍ ፕሮግራም በክሮን (ትእዛዝ በቀጠሮ ሰዓት በሚያስነሳው) በየሰዓቱ አስነሱት። ያስተካከላችሁትን ሎግሮቴት -ዲ ብላችሁ ፈትኑ፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ይነግራችኋል።

ዶከር ላይ ዴመን.ጄሰን (የቅንብር ፋይሉ) ውስጥ ማክስ-ሳይዝና ማክስ-ፋይል አስገቡ። ይሄ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ብቻ ነው። የነበሩትን ሪስታርት ማድረግ አይበቃም፤ እንደገና መፍጠር አለባችሁ።

ለክፉ ቀን ኤፍአሎኬት -ኤል 2ጂ ብላችሁ 2 ጊጋ የሆነ ባዶ ፋይል አስቀምጡ። ጂዋ ትልቅ ፊደል ናት። ዲስኩ ሲሞላ እሱን ታጠፉና ተረጋግታችሁ ትሠራላችሁ። ሲነግሩት ቂላቂል ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያ። ትልልቅ የክትትል ሲስተሞች አሉ፤ ለአንድ ሁለት ሰርቨር ግን ከልክ በላይ ናቸው። ቦትፋዘር ጋ ሄዳችሁ የቴሌግራም ቦት ክፈቱ። በየ5 ደቂቃው በክሮን የምትሄድ ትንሽ ስክሪፕት ዲኤፍን ትጠይቅ፤ ቦታው ወይም አይኖዱ 80 በመቶ ካለፈ በከርል (ከትእዛዝ መስመር ወደ ኢንተርኔት መላኪያ) መልእክት ትላክ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቁጥሩን ለጊዜው ወደ 5 አውርዱትና ስልካችሁን ጠብቁ። መልእክቱ ካልመጣ ስክሪፕቱን ከተርሚናል አስኪዱት፤ ከተርሚናል ሠርቶ ከክሮን እምቢ ካለ፣ ክሮን የናንተን ፓዝ (ትእዛዝ የሚፈለግባቸውን ፎልደሮች) ስለማያውቅ ትእዛዞቹን በሙሉ አድራሻቸው ጻፏቸው። ከመጣ ወደ 80 መልሱት።